«አማርኛ ለሒሳብ አይመችም» ለምትሉ

ባለፈው ዓመት ለእናቴ ዕቁብ አንዲት ትንሽ የቴሌግራም ቦት ሠራሁ። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረው፣ የዚህ ሳምንት ዕጣ ለማን ወጣ፤ በቃ ይህንን የምትይዝ ቦት። 24 አባላት፣ በሳምንት 2,000 ብር፣ ጠቅላላ 48,000 ብር። ሥራዬ ስለሆነ በሁለት ማታ ጨረስኳት። የዕቁቡ ደንብ በወረቀት የተጻፈ ስለነበር እሱን ፊቴ አስቀምጬ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ ኮድ ቀየርኩት። ከደንቦቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ማንኛውም አባል ካልከፈለ ዕጣ አይወጣም።»

በሦስተኛው ሳምንት 22 ሰው ብቻ ከፈለ። ቦቷ ግን ዕጣውን አወጣች። የደረሳቸው ጎረቤታችን ለልጃቸው ትምህርት ቤት አስበውት 48,000 ሲጠብቁ 44,000 ብር መጣላቸው። ዳኛው «ይቺ ማሽን ተበላሽታለች» አሉ። እኔ ደግሞ እልህ ያዘኝና ደንቡን አውጥቼ ተሟገትኩ። «ማንኛውም አባል ካልከፈለ» ማለት «ማንም ካልከፈለ» ማለት ነው፤ 22 ሰው ከፍሏል፤ ስለዚህ ዕጣው ይወጣል። ዳኛው በበኩላቸው «አንድ ሰውም ቢሆን ከጎደለ አይወጣም ማለት ነው እንጂ!» አሉ።

ማን ነበር ትክክል? ሁለታችንም። «ማንኛውም አባል አልከፈለም» ብትሉኝ ከ24ቱ የከፈለ አንድም የለም ብዬ ነው የምሰማው። «ማንኛውም አባል ካልከፈለ ይቀጣል» ብትሉኝ ግን እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ ነው የማስበው። አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም፣ መሀሉ ላይ 4,000 ብር።

ክርክሩን የዘጋችው እናቴ ነች። ቡና እያፈላች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «‘ያልከፈለ ሰው ካለ ዕጣ አይወጣም’ ብለህ ጻፈው። ምን ያጨቃጭቃችኋል?» አለች።

እስቲ ይህንን ዓረፍተ ነገር ልብ ብላችሁ እዩት። «ያልከፈለ ሰው ካለ» እና «የከፈለ ሰው ከሌለ» ፈጽሞ የማይምታቱ ሁለት ነገሮች ናቸው። እናቴ ያደረገችው ነገር ቢኖር አሉታውን ከ«ካልከፈለ» አንስታ «ያልከፈለ» ውስጥ ማስገባትና «አለ» በሚለው ቃል መጠየቅ ነው። ያልከፈለ ሰው አለ ወይስ የለም? እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሎጂክ ምልክቶች ተምሬ፣ የተገለበጠ ኤ እና የዞረ ኢ ስጽፍ ኖሬ ያጣሁትን እሷ በ«አለ» አገኘችው። የዞረው ኢም ቢሆን «አለ» ከማለት ሌላ ሥራ የለውም።

እንግዲህ የምጽፈው በዚህ ብስጭት ነው። በእናቴ ሳይሆን በራሴና በመሰሎቼ ብስጭት። ዓመታት ሙሉ «አማርኛ ለሒሳብ አይመችም፣ ቃል የለውም» ስንል ኖረናል። እኔም በዶርም፣ በሥራ ቦታ፣ በየካፌው ብያለሁ። አሁን ግን ሐሰት ነው እላለሁ። አማርኛ ቃል አላነሰውም። ያነሰው ቃል መርጦ፣ ትርጉሙን ቆርጦ፣ በዚያው የሚጸና ጸሐፊ ነው።

«ማንኛውም»ን የአማርኛ ድክመት አድርጎ የሚወስድ ካለ ደግሞ ይረጋጋ። ፖል ሃልሞስ የሚባል ስመ ጥር የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970 ሒሳብ እንዴት እንደሚጻፍ ባወጣው ጽሑፍ የእንግሊዝኛውን «ኤኒ» በሒሳብ ውስጥ እንዳትጠቀሙበት ብሎ መክሯል። አንዳንዴ «እያንዳንዱ»፣ አንዳንዴ «አንድ እንኳ» ማለት ስለሚሆን። ያው የእኛው ዕቁብ ችግር ነው። ልዩነቱ እነሱ ችግሩን ሲያዩ ቋንቋቸውን አልጣሉም፤ ቃሉን ጣሉ።

የአንደኛ ዓመት ካልኩለስ ትዝ ይላችኋል? አስተማሪው ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ዞር ብሎ በአማርኛ ያስረዳል። ሊሚት ላይ ስንደርስ «ቁጥሩ ወደዚህኛው እየተጠጋ፣ እየተጠጋ ይሄዳል ማለት ነው» አለን። ገባን አልን። አልገባንም ነበር።

1፣ 1/2፣ 1/3፣ 1/4 እያሉ የሚሄዱትን ቁጥሮች ውሰዱ። ወደ 0 እየተጠጉ ይሄዳሉ። እሺ። ግን ወደ −1ስ አይጠጉም? የመጀመሪያው ከ−1 በ2 ይርቃል፣ ሁለተኛው በ1.5፣ ሦስተኛው በ1.33 ገደማ። በየእርምጃው ርቀቱ ይቀንሳል። ስለዚህ «እየተጠጋ ይሄዳል» የሚለው ለ−1ም እውነት ሆነ ማለት ነው። ሊሚቱ ግን 0 እንጂ −1 አይደለም።

እዚህ ጋ ነው አብዛኛው ሰው «አየህ፣ በአማርኛ አይሆንም» ብሎ ወደ ግሪክ ፊደላቱ የሚሮጠው። አይደለም። በእንግሊዝኛም «እየተጠጋ ይሄዳል» ቢባል ያው ስህተት ነው። የተሳሳተው ቋንቋው ሳይሆን የተመረጠው ቃል ነው። በአማርኛ ትክክለኛው እንዲህ ነው፦

የፈለግኸውን ያህል ትንሽ ርቀት ጥራ፤ ዜሮ ብቻ አትበል። ከሆነ ቦታ ጀምሮ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ከ0 ያላቸው ርቀት አንተ ከጠራኸው ያንሳል።

አንድ መቶኛ ብትለኝ ከ101ኛው ቁጥር ጀምሮ ያሉት ሁሉ ያንሳሉ። አንድ ሚሊዮንኛ ብትለኝ ከ1,000,001ኛው ጀምሮ። ወደ −1 ብለህ ብትከራከረኝ ግን ርቀቱን 1 ብዬ እጠራብሃለሁ፤ አንድም ቁጥር አይገባልህም፣ ምክንያቱም ሁሉም ከ−1 ያላቸው ርቀት ከ1 ይበልጣል። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

በዚህ ውስጥ ከመርካቶ ያልመጣ ቃል የቱ ነው? «ጥራ» ዋጋ የምንጠራበት «ጥራ» ነው። ማን ቀድሞ እንደሚጠራ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ይወስነዋል፤ ዋጋ ተከራክሮ የሚያውቅ ሰው ይህንን አስተማሪ አያስፈልገውም። እኔ የኤፕሲሎንና የዴልታን ሥርዓት በትክክል የተረዳሁት በፈተና ሳይሆን ከተመረቅኩ በኋላ፣ ለጓደኛዬ በአማርኛ ላስረዳው ስሞክርና ሳቅተው ነው። እንግሊዝኛው እንዳልገባኝ ደብቆልኝ ነበር። ቃሉን ስለምናውቀው ነገሩን የምናውቀው ይመስለናል። በአማርኛ ግን መደበቂያ የለም፤ ወይ ገብቶሃል፣ ወይ ዓረፍተ ነገሩ አልወጣ ይልሃል።

ከእኛ ከእንግሊዝኛ ነጋዴዎቹ ትይዩ ደግሞ ሌላ ጎራ አለ። ለእያንዳንዱ ነገር ማንም የማይናገረው ቃል ካልተፈጠረለት ሒሳብ የማይከበር የሚመስለው። የእህቴ ልጅ አምስተኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን መጽሐፏን ይዛ መጥታ «አጎቴ፣ ዘዌ ምንድን ነው?» አለችኝ። እኔም ልጅ ሆኜ ተምሬዋለሁ፤ ግን ለአፍታ ጠፋኝ። «ማዕዘን ነው» አልኳት። «ታዲያ ለምን ማዕዘን አይሉትም?» መልስ አልነበረኝም። ለፍትሕ ስል፣ ማዕዘን ብዙ ጊዜ ቦታውን ነው የሚጠራው፤ ሒሳቡ የሚፈልገው መክፈቻውን፣ ስንት እንደተከፈተ ነው። ይህንን በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል። መጽሐፉ ግን ቃሉን ሰጣትና ሄደ።

ላዕልና ታህትም እንዲሁ። ልጅ የትኛው የትኛው እንደሆነ በቃሏ ትይዛለች፣ በፈተና ትገለብጠዋለች። ትርጉማቸው ላይና ታች ነው። ዳቦው ስንት ቦታ ተቆረጠ? እሱ የታችኛው ቁጥር ነው። ስንቱ ተወሰደ? የላይኛው። ሦስት አራተኛ ይኸው ነው። ይህንን ካወቀች በኋላ ላዕል በሉት፣ ታህት በሉት፣ ግድ የለም። «ንጥጥር» ሲባልስ አንድ ነገር ትዝ የሚለው ማን ነው? ጎኑ የተቀመጠው «ወደር» ግን ሕይወት ያለው ቃል ነው፤ «ወደር የለሽ» ያላለ ሰው የለም።

ያው መጽሐፍ ቤት ደግሞ ወርቅ የሆኑ ቃላት አሉት። ቁጥር በራሱ ሲባዛ ዳግም ርቢ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ዳግም ዘር። 49 የ7 ዳግም ርቢ፣ 7 የ49 ዳግም ዘር። ርቢ ከብት የሚረባበት ርቢ ነው፣ ዘርም የሚዘራው ዘር። ይህንን የመረጠ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባገኘው ቡና እጋብዘው ነበር። «ሹል ዘዌ»ም ደህና ነው፤ እርሳስ የቀረጸ ልጅ ሹል ያውቃል። የእሱን ተቃራኒ «ደነዝ» ብንለው ደስ ባለኝ። ሰው ይስቃል ትሉኛላችሁ፣ ደነዝ ቢላም ነው፣ ደነዝ ሰውም ነው። እንግሊዝኛው «ኦብትዩስ»ም እኮ ከላቲን የመጣ፣ ትርጉሙ ደነዝ የሆነ፣ እስከ ዛሬም ነገር የማይገባውን ሰው የሚሰድቡበት ቃል ነው። እነሱ ስቀው ጨርሰው ሒሳባቸውን ቀጠሉ።

የምናከብረው የባዕድ ቃል ሁሉ አንድ ወቅት የሰፈር ቃል ነበር። አልጀብራን ውሰዱ። አል-ኽዋሪዝሚ እ.ኤ.አ. በ820 ገደማ በባግዳድ ሲጽፍ «አል-ጀብር» ያለው የጎደለን ወደ ቦታው መመለስ ማለት ነው፤ በዐረብኛ የተሰበረ አጥንት መጠገንም በዚሁ ቃል ይጠራል። በድሮ ስፔንኛ አልጀብሪስታ ማለት ወጌሻ ነበር። ወጌሻ! እኛ በፍርሃት የምንጠራውን ነገር የሰየመው ሰው በአእምሮው የነበረው የተጣመመ አጥንት የሚያቃና እጅ ነው።

ሳይንን እዩ። በሳንስክሪት የቀስት ጅማት ይባል ነበር፤ በክብ ላይ የተወጠረ ክር ስለሚመስል። ዐረቦች ድምፁን ብቻ ወስደው ጻፉት። አናባቢ ስላልተጻፈ የላቲን ተርጓሚዎች የልብስ እቅፍ፣ ብብት ዓይነት ነገር ነው ብለው አነበቡትና በራሳቸው ቋንቋ «ሳይነስ» አሉት። ስለዚህ ዛሬ ካልኩሌተራችን ላይ ያለው ቁልፍ የተሳሳተ ንባብ ትርጉም ነው። ድምፅ ብቻ ወስዶ ትርጉም መተው ምን እንደሚያመጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

በቋንቋቸው ለመጻፍ የቆረጡም ነበሩ። ሮበርት ሬኮርድ እ.ኤ.አ. በ1557 ባሳተመው መጽሐፍ የእኩል ምልክትን ያመጣልን ሰው ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1551 ጂኦሜትሪን በተራ እንግሊዝኛ ሲጽፍ ክብን ነክቶ የሚያልፈውን መስመር «የንክኪ መስመር» ብሎት ነበር። አልያዘለትም፤ ላቲኑ «ታንጀንት» አሸነፈ። ያም ቢሆን ትርጉሙ «የሚነካ» ነው። ስሞን ስቴቪን ደግሞ በደች ጻፈና ያዘለት። ደቾች እስከ ዛሬ ሒሳብን የሚጠሩት «ዊስኩንደ» ብለው ነው፣ እርግጥ የሆነውን የማወቅ ጥበብ እንደማለት። ስለዚህ «አይያዝም» የሚለው ሕግ አይደለም። አንዳንዱ ይይዛል፣ አንዳንዱ አይይዝም። ሳይሞከር ግን አንዱም አይይዝም።

አሁን ወደ ራሴ ጎራ ልዙር፣ ምክንያቱም የሰፈር ቃል ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። የሰፈር ቃል አደገኛ ነው። የራሱን ትዝታ ይዞ ይመጣል።

«ትይዩ»ን እንይ። ታክሲ ውስጥ «ከባንኩ ትይዩ አውርደኝ» ስንል ፊት ለፊቱ ማለታችን ነው። በሒሳብ ግን ትይዩ መስመሮች የማይገናኙት ናቸው። ቃሉ የሚነግረን መተያየትን ነው፤ ሒሳቡ የሚፈልገው ርቀታቸው የትም ቦታ አንድ መሆኑን ነው። ደቾች ያንኑ ነገር «እኩል ስፋት ያለው» በሚል ቃል ይጠሩታል፤ እሱ ትርጉሙን በሆዱ ይዟል። «እኩል»ም ራሱ ሁለት ፊት አለው። እኩለ ሌሊት የሌሊቱ ግማሽ ነው፣ የእኩል አራሽ ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር ለሁለት የሚካፈል ነው። «እኩሉን ስጠው» ሲባል ግማሹን ነው ወይስ ከእኔ ጋር የሚስተካከለውን? «በሦስት እጥፍ ጨመረ» የሚል ዜና ስታነቡስ 100 የነበረው 300 ሆነ ወይስ 400?

መጥፎ ስም ደግሞ መቶ ዓመታት ያስከፍላል። ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 አንዳንድ ቁጥሮችን «ምናባዊ» ብሎ ጠራቸው፣ ስሙም ተጣበቀ። ጋውስ በ1831 ይህ ሁሉ ጨለማ የመጣው ከስም አወጣጡ ነው፣ የጎንዮሽ ብንላቸው ኖሮ ማንም ባልተደናገረ ነበር የሚል ሐሳብ ጻፈ። እውነቱን ነው። በዚያ ቁጥር ማባዛት ማለት 90 ዲግሪ ወደ ጎን መዞር ነው። የቤታችን መብራት በ50 ኸርዝ ሲመላለስ መሐንዲሱ የሚያሰላው በእነዚሁ ቁጥሮች ነው፤ ምናብ የለበትም። እኛ አሁን በአማርኛ ስንሰይም የእነሱን ስህተት የመውረስ ግዴታ የለብንም። «የጎንዮሽ» የሚለው ቃል በየመድኃኒቱ ወረቀት ላይ አለልን።

ታዲያ ምን ይሁን? አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ቃሉን ከሰው አፍ ውሰድ፣ ከዚያ ሚዛን ላይ አስቀምጠው። «ትይዩ ስል የትም ብትለካ ርቀታቸው አንድ የሆነ መስመሮች ማለቴ ነው» በልና ቀጥል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ አንዴ የመረጥከውን አትቀይር። ድርሰት ያስተማሩን መምህራን ቃል መድገም ነውር ነው ብለውናል፤ «መጠን» ያልነውን ቀጥለን «ልክ»፣ ቀጥለን «ብዛት» እንላለን፣ ለጣዕም። በሒሳብ ይህ ወንጀል ነው። አንባቢው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ያሉ ይመስለዋል። ድገም፣ ሳታፍር ድገም።

ሦስተኛ፣ ዳርቻውን ተናገር። «እስከ ቅዳሜ» ሲባል ቅዳሜ አለበት ወይስ የለበትም? «ከ5 ቀን በላይ» ሲባልስ አምስተኛው ቀን? አማርኛ ለዚህ ድሃ አይደለም። «ቢያንስ» እና «ቢበዛ» አሉ፣ «ቅዳሜን ጨምሮ» እና «ቅዳሜን ሳይጨምር» አሉ። የሕግ ሰዎች «ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው» ሲሉ እኔ በኮድ በሁለት ምልክት የምጽፈውን በአንድ «የሞላው» ጨርሰውታል። እንስራ የሞላ ሰው ያውቀዋል፤ ሞልቷል ወይም አልሞላም።

አራተኛ፣ ለብድር ቃል አትጣላ። ሎጋሪዝም ሎጋሪዝም ይባል፣ ኮሳይንም ኮሳይን። ማንንም አያሳስቱም፤ የሌላ ነገር ትዝታ የላቸውም፣ ትርጉማቸውን አንዴ ከነገርከው በኋላ ንጹሕ ናቸው። እኔ የምከራከረው ለአማርኛ ንጽሕና አይደለም። ሰው ያነበበውን እንዲያውቅ ነው።

«ዓለም በእንግሊዝኛ ነው የሚሠራው» ትሉኛላችሁ። ይሥራ። እኔም የምኖረው በዚያው ነው፤ የምጽፈው ኮድ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። ግን የዕቁብ ደንብ፣ የብድር ውል፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ የጤና መድን ቅጽ በአማርኛ ነው የሚጻፈው። በየአንዳንዱ ውስጥ «ሁሉም»፣ «ማንኛውም»፣ «እስከ»፣ «በላይ» የሚሉ ቃላት አሉ፤ ሒሳብ ናቸው፣ ሰው የሚከፍልባቸው ሒሳብ። እኛ ሒሳብ የተማርነው ሰዎች «በአማርኛ አይሆንም» ብለን ስንሸሽ ያንን ጽሑፍ ሒሳብ ላልገባው ሰው ነው የምንተወው። ከዚያ ማሽን ስናስገባበት፣ እኔ እንዳደረግኩት፣ ማሽኑ አንደኛውን ትርጉም መርጦ ያለ ርኅራኄ ይፈጽመዋል።

የጎረቤታችንን 4,000 ብር በማግሥቱ ከራሴ አወጣሁ፤ ሁለቱ አባላት ሲከፍሉ ተመለሰልኝ። ደንቡ ተስተካክሎ ተጻፈ። አሁን ግሩፑ ላይ ከላይ ተለጥፏል፦ «ያልከፈለ ሰው ካለ ዕጣ አይወጣም። ክፍያ ቅዳሜን ጨምሮ ነው። ቅጣቱ ከእሑድ ጀምሮ በቀን 50 ብር፣ ቢበዛ 500 ብር።» አራት ቁጥር የሚያህል ኮድ ነው የሆነልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ክርክር አልተነሳም።

ስጽፈው አንድ ቀን ብቻ ተሳስቼ «ማንኛውም» የሚል ቃል አስገብቼ ነበር። እናቴ ስልኬን ተቀብላ አነበበችና «ይኼ ቃል ገንዘብ አስከፍሎህ የለ እንዴ?» አለችኝ። አጠፋሁት።